የባክቴሪያ ቶክሲኖች በወባ ትንኝ እጭ አንጀት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እና ለጋምቤላ ክልል የወባ መከላከል ሥራ ያለው አንድምታ

አጠቃሎ

ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ የተባለው ባክቴሪያ (ከዚህ በኋላ ቢቲአይ) የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች የትንኝ እጭን የሚገድሉት ተበልተው መካከለኛ አንጀት ሲደርሱ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ቶክሲኖቹ በአንጀቱ ውስጥ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ደረጃ በጋምቤላ ክልል ውሃዎች ውስጥ በምን ሁኔታ ሊሳካ ወይም ሊሰናከል እንደሚችል ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በጋምቤላ የቢቲአይን ውጤት የሚወስነው የቶክሲኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን እጩ ቶክሲኑን የመብላቱ ዕድል ነው። በመሆኑም የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን በሚያጥለቀልቅበት ወቅት ከሚደረግ ሰፊ ርጭት ይልቅ፣ ጎርፉ ሲሸሽ በሚቀሩና በሰው እጅ በተፈጠሩ ውሱን ውሃዎች ላይ የሚያተኩር ሥራ የተሻለ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቢቲአይ፣ የትንኝ እጭ፣ መካከለኛ አንጀት፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ጋምቤላ፣ ባሮ

1. መግቢያ

ወባ በኢትዮጵያ ዳግም ያንሰራራ በሽታ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጋምቤላ ቆላ፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡና ወንዞቹ ተደምረው ለትንኝ መራቢያነት የተመቸ ምድር ነው። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ክልሉን አቋርጠው ወደ ምዕራብ ይፈስሳሉ፤ በክረምት ወራትም ከዳርቻቸው ወጥተው ሰፊ ሜዳ ያጥለቀልቃሉ።

የአገሪቱ የወባ ትንኝ መከላከል ሥራ በዋናነት በሁለት መሣሪያዎች ላይ የቆመ ነው፤ በኬሚካል በተነከረ አጎበርና በቤት ውስጥ ግድግዳ ርጭት። ሁለቱም በጉልምሷ ትንኝ ላይ ያነጣጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ትንኟ ወደ ቤት ገብታ ኬሚካሉን እንድትነካ ይጠብቃሉ። በአገሪቱ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ግን በብዙ አካባቢዎች ለዲዲቲና ለፓይሬትሮይድ ኬሚካሎች የመቋቋም ባሕርይ አሳይታለች። ከዚህም በላይ ከቤት ውጭ ትናደፋለች፤ ከሰው ሌላ ከከብትም ደም ትመገባለች። ምሽቱን በሙቀት ምክንያት ደጅ ለሚያሳልፍ ሰው አጎበሩ የሚደርስለት ከተኛ በኋላ ነው።

እጭን መግደል ከዚህ ችግር ውጭ የሆነ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ትንኟ የት እንደምትናደፍም ሆነ የት እንደምታርፍ አይጠይቅም። ሆኖም የራሱ የሆነ ቅድመ ሁኔታ አለው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ለመረዳት በእጩ አንጀት ውስጥ የሚሆነውን ነገር መከተል ያስፈልጋል።

2. ከክሪስታል እስከ ቀዳዳ፦ ቶክሲኑ በአንጀት ውስጥ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

ቢቲአይ የተገኘው በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ የሞቱ የትንኝ እጮች ከነበሩበት ኩሬ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ነው። ባክቴሪያው ምግብ ሲያጥረው ስፖር ይሠራል፤ ከስፖሩም ጎን ፕሮቲኖችን በክሪስታል መልክ አከማችቶ ያስቀምጣል። የክሪስታሉ ዋና ዋና ፕሮቲኖች አራት ናቸው፦ ክራይ 4ኤ፣ ክራይ 4ቢ፣ ክራይ 11ኤ እና ሳይት 1ኤ። የእነዚህ ፕሮቲኖች ዘረመሎች የሚገኙት 128 ሺህ ገደማ ጥንድ ቤዞች ባሉት አንድ ፕላስሚድ ላይ ነው።

ክሪስታሉ በራሱ መርዝ አይደለም። ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ፣ የእጩን ቆዳ ቢነካ ወይም ወደ መተንፈሻው ቢጠጋ ምንም አያደርግም። መርዝ ለመሆን አምስት ደረጃዎችን ማለፍ አለበት።

የመጀመሪያው ደረጃ መበላት ነው። የትንኝ እጭ በአፉ ዙሪያ ባሉ የብሩሽ ዓይነት ፀጉሮች ውሃውን እየቀዘፈ ባክቴሪያ፣ ዋቅላሚና የበሰበሰ ብናኝ ሰብስቦ ይውጣል። መጠኑ ለአፉ የተመጠነ ከሆነ፣ ጠቃሚውን ከጎጂው ሳይለይ ክሪስታሉንም አብሮ ይውጠዋል።

ሁለተኛው ደረጃ መሟሟት ነው። የእጩ መካከለኛ አንጀት የፊተኛው ክፍል በሕያዋን ፍጥረታት ዘንድ እምብዛም የማይታይ ጠንካራ አልካላይ ነው፤ የፒኤች መጠኑ ከ10 ይበልጣል። ክሪስታሉን አጣብቀው የያዙት ኬሚካላዊ ትስስሮች በዚህ አካባቢ ይፈታሉ፤ ፕሮቲኖቹም ይሟሟሉ። የሰው ጨጓራ በአንጻሩ አሲዳማ ነው። ቢቲአይ ለሰው፣ ለከብትና ለዓሣ አደገኛ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ምክንያት ቶክሲኑ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በእነዚህ ፍጥረታት አንጀት ውስጥ አለመኖራቸው ነው።

ሦስተኛው ደረጃ መቆረጥ ነው። የተሟሟው ፕሮቲን ገና ቅድመ ቶክሲን ነው። የእጩ የራሱ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ትርፍ ክፍሎቹን ቆርጠው ያነቁታል። ለምሳሌ 130 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝነው ክራይ 4ቢ ተቆርጦ 65 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ ንቁ ቶክሲን ይሆናል። እጩ ምግብ ለመፍጨት ያዘጋጀው መሣሪያ የሚገድለውን ነገር ያነቃለታል ማለት ነው።

አራተኛው ደረጃ መያያዝ ነው። ንቁው ቶክሲን ምግቡን የሚጠቀልለውን ስስ ሽፋን አልፎ ወደ አንጀቱ ግድግዳ ይደርሳል። በግድግዳው ሕዋሳት ገጽ ላይ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር፣ በተለይም ከካድሄሪን፣ ከአልካላይን ፎስፋቴዝና ከአሚኖፔፕቲዴዝ ኤን ጋር ይያያዛል። እነዚህ ተቀባዮች የተሰባሰቡት በአንጀቱ መነሻ ባሉት ከረጢቶችና በመካከለኛው አንጀት የኋላ ክፍል ነው፤ የቶክሲኑ ጉዳትም በእነዚሁ ሥፍራዎች ጎልቶ ይታያል።

አምስተኛው ደረጃ መብሳት ነው። ከተቀባዮች ጋር የተያያዙ ቶክሲኖች እርስ በርስ ተቀናጅተው ወደ ሕዋሱ ገለፈት ይሰምጣሉ፤ ቀዳዳም ይፈጥራሉ። በቀዳዳው በኩል ጨዋማ አየኖችና ውሃ ያለ ገደብ ይገባሉ፤ ሕዋሱ አብጦ ይፈነዳል። የአንጀቱ ግድግዳ ሲፈርስ እጩ መመገብ ያቆማል፤ እንደወሰደው መጠን በጥቂት ሰዓታት፣ አብዛኛውን ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ ይሞታል።

ከእነዚህ አምስት ደረጃዎች አራቱ የሚከናወኑት በአንጀቱ ኬሚስትሪ ነው፤ እሱም በተፈጥሮ ለቶክሲኑ የተመቸ ነው። ከእጩ ሥጋ ውጭ ባለው ዓለም ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም መበላቱ ብቻ ነው። የመስክ ሥራ ስኬትም ሆነ ውድቀት በአመዛኙ የሚመነጨው ከዚህ ደረጃ ነው።

3. የአራቱ ቶክሲኖች ቅንጅትና የመቋቋም ጥያቄ

ለኬሚካሎች የመቋቋም ባሕርይ በተስፋፋበት አገር፣ እጮቹ ቢቲአይንስ አይላመዱትም ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው በሳይት 1ኤ ውስጥ ነው። ይህ 27 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ ትንሽ ፕሮቲን ከክራይ ቤተሰብ የተለየ ነው፤ የፕሮቲን ተቀባይ ሳይፈልግ በቀጥታ ከሕዋሱ ገለፈት ቅባቶች ጋር ይያያዛል። በ2005 በሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሳይት 1ኤ በገለፈቱ ላይ ከተተከለ በኋላ ለክራይ 11ኤ ራሱ ተቀባይ ሆኖ ያገለግላል። በመሆኑም እጩ የተፈጥሮ ተቀባዩን ቢለውጥ እንኳ ባክቴሪያው ምትኩን ይዞ ይመጣል።

የዚህ ቅንጅት ጥቅም በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ በታተመ ሙከራ በግልጽ ታይቷል። የኩሌክስ ትንኝ እጮች ለ28 ትውልድ በተለያዩ የቶክሲን ስብስቦች ተፈትነው፣ ለክራይ 11ኤ ብቻ የተጋለጡት ከ900 እጥፍ በላይ የመቋቋም ባሕርይ ሲያዳብሩ፣ ለአራቱም በአንድነት የተጋለጡት 3 እጥፍ ገደማ ብቻ አዳብረዋል። በጀርመን የራይን ሸለቆ ቢቲአይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በስፋት ሲረጭ መቆየቱና ሥራው መቀጠሉም ከዚህ ውጤት ጋር ይስማማል።

ከቢቲአይ ጋር አብሮ የሚነሳው ላይሲኒባሲለስ ስፌሪከስ በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ዋነኛው ቶክሲኑ ቢን የሚባል ሲሆን ቢንኤ እና ቢንቢ ከተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች የተገነባ ነው። ቢንቢ በአንጀቱ ሕዋሳት ላይ ካለ አንድ የአልፋ ግሉኮሲዴዝ ኢንዛይም ጋር ይያያዛል። ይህ ባክቴሪያ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ከቢቲአይ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ተቀባይ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ የዚያ ተቀባይ ዘረመል ሲለወጥ ቶክሲኑ ሥራውን ያጣል። በሕንድ፣ በብራዚል፣ በፈረንሳይና በቻይና የኩሌክስ ትንኞች በመስክ ላይ ተቋቁመውታል። ስለዚህ ለብቻው ከመጠቀም ይልቅ ከቢቲአይ ጋር አዋሕዶ መጠቀም ይመረጣል።

4. የጋምቤላ ውሃዎችና የእጮቹ አመጋገብ

በጋምቤላ የወባ ትንኞች ላይ የተደረገ ጥናት ረጅም ዕድሜ አለው። በ1970ዎቹ የታተሙ የመስክ ምርምሮች በአካባቢው ወባን የሚያስተላልፉት የአኖፊለስ ጋምቢያ ወገን ትንኞች፣ አኖፊለስ ፉኔስተስ እና አኖፊለስ ኒሊ መሆናቸውን አሳይተዋል። የሦስቱ መራቢያ አንድ አይደለም። ከአኖፊለስ ጋምቢያ ወገን የምትመደበው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኛቸውን ትናንሽና ጊዜያዊ ውሃዎች ትመርጣለች፤ የከብት ኮቴ፣ የመኪና ጎማ ዱካ፣ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ይበቃታል። አኖፊለስ ፉኔስተስ ሣርና ቄጠማ የበዛባቸውን፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ውሃዎች ትመርጣለች። አኖፊለስ ኒሊ ደግሞ የምትራባው ከሚፈስስ ወንዝ ዳር፣ ውሃው በዕፅዋት መካከል ቀዝቀዝ ብሎ በሚያልፍበት ሥፍራ ነው። በመሆኑም ለአንዷ የተዘጋጀ የርጭት ዕቅድ ሌላዋን ላያገኛት ይችላል።

የአመጋገብ ልማድም ወሳኝ ነው። የአኖፊለስ እጭ እንደ ኩሌክስ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ተጋድሞ ይኖራል፤ ራሱን ወደ ላይ ገልብጦም በገጹ ላይ ያለውን ስስ ንጣፍ ይመገባል። የቢቲአይ ክሪስታል ግን ከውሃ ስለሚከብድ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ለኩሌክስ በቂ የሆነ መጠን ለአኖፊለስ ሊያንስ የሚችለው አንጀቱ የተለየ ሆኖ ሳይሆን፣ ምግቡ ከአፉ ሥር ስለሚሸሽ ነው። የምርቱ አዘገጃጀት ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሳል። በገጹ ላይ የሚቆይና ቶክሲኑን በዝግታ የሚለቅ ደቃቅ ፍሬ ከሚሰምጥ ፈሳሽ ይልቅ ለአኖፊለስ ይስማማል። እንደ የበቆሎ ቆረቆንዳ ባሉ ተሸካሚዎች ላይ የተለበጡ ምርቶች ደግሞ በሣር መካከል አልፈው ውሃው ዘንድ ለመድረስ ይጠቅማሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ድፍርስነት ነው። ከደጋው አፈር ጠርጎ የሚመጣው የክረምት ውሃ በደለልና በብስባሽ የተሞላ ነው። ክሪስታሎቹ ከደለሉ ጋር ተጣብቀው ይዘቅጣሉ፤ ያልዘቀጡትም ከብዙ ሌላ ብናኝ ጋር ስለሚቀላቀሉ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ የሚገባው ቶክሲን ያንሳል። አንጀቱ በሌላ ምግብ የተሞላ እጭ የሚሞትበትን መጠን ላያገኝ ይችላል።

አራተኛው ፀሐይና ሙቀት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቶክሲኑን ያዳክመዋል። የአኖፊለስ አረቢየንሲስ መራቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው ጥላ የሌላቸው ናቸው። ሙቀት በአንድ በኩል እጩ በፍጥነት እንዲመገብ ስለሚያደርግ ለቶክሲኑ ይረዳል፤ በሌላ በኩል ግን የእጭነት ዘመኑን ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያሳጥረዋል። እጩ በአራተኛው የዕድገት እርከን ማብቂያ ላይ መመገብ ያቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሙሽሬ ደግሞ ጭራሽ አይመገብም። አፍ ያልከፈተን ፍጥረት ቢቲአይ አይገድልም። ስለዚህ በሞቃት ቆላ ርጭቱ በየሳምንቱ ካልተደገመ፣ በሁለት ርጭቶች መካከል አንድ ሙሉ ትውልድ ሊያመልጥ ይችላል።

5. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ከላይ የተነሱት ነጥቦች በአፍሪካ በተደረጉ የመስክ ሙከራዎች ተፈትነዋል። ለጋምቤላ ቅርበት ያለው ንጽጽር ከጋምቢያ ወንዝ ሜዳ የተገኘው ነው። በ2010 በታተመው በዚያ ጥናት፣ ወንዙ በሚያጥለቀልቀው ሰፊ ሜዳ ላይ በሰው እጅ የሚረጭ ቢቲአይ የእጮችን ቁጥር ቢቀንስም በጉልምስ ትንኞችና በወባ ሕመም ላይ የሚጠበቀውን ለውጥ አላመጣም። ቶክሲኑ አልደከመም፤ ውሃው ለረጪዎቹ እግር እጅግ የሰፋ ነበር።

በምዕራብ ኬንያ ደጋማ ሸለቆዎች በ2009 የታተመ ጥናት በአንጻሩ ተቃራኒውን አሳይቷል። መራቢያዎቹ በሸለቆዎቹ ሥር የተወሰኑ ስለነበሩ፣ አጎበርን ከእጭ መግደል ጋር ያጣመሩ አካባቢዎች አጎበር ብቻ ከነበራቸው ይልቅ በሕፃናት ላይ ያነሰ አዲስ የወባ ኢንፌክሽን ታይቶባቸዋል። በዳሬሰላምም በ2006 የተጀመረው የከተማ ርጭት በነዋሪው ተሳትፎ መራቢያዎችን አንድ በአንድ በመዘርዘር ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። በአገራችንም በትግራይ በአንድ አነስተኛ ግድብ አካባቢ የተደረገውና በ2005 የታተመው ጥናት፣ ውሃ ያቆሩ ሥፍራዎችን መድፈንና ማፋሰስ የአኖፊለስ አረቢየንሲስን ቁጥር እንደሚቀንስ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የእጭ ኬሚካልና ባክቴሪያ ርጭትን የሚመክረው መራቢያዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ በሚሆኑበት ሥፍራ፣ ያውም ለአጎበርና ለቤት ውስጥ ርጭት ተጨማሪ ሆኖ መሆኑ ከእነዚህ ውጤቶች ጋር የተጣጣመ ነው።

6. ለጋምቤላ ያለው አንድምታ

ከአንጀቱ ባዮሎጂና ከመስክ ልምዱ ተነስቶ ለክልሉ ሦስት ነገሮችን መጠቆም ይቻላል።

አንደኛ፣ ወቅት። ባሮ ሞልቶ የኢታንግን ሜዳ በሚያጥለቀልቅበት ጊዜ ውሃው ሰፊ፣ ተንቀሳቃሽና ድፍርስ ነው፤ መራቢያውም ጥቂትም ሆነ ቋሚ አይደለም። ጎርፉ ሸሽቶ በወንዙ ዳርና በአሸዋው ላይ ኩሬዎች ሲቀሩ ግን ውሃው ይረጋል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ኩሬዎቹም ሊቆጠሩ ይችላሉ። እጩ ቶክሲኑን የመብላት ዕድሉ የሚጨምረው በዚህ ጊዜ ነው። በበጋ የሚተርፉት ጥቂት መራቢያዎች ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ለሚበዙት ትንኞች ዘር ስለሚሆኑ፣ በእነሱ ላይ የሚደረግ ሥራ ከቁጥራቸው በላይ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሥፍራ። በጋምቤላ ከተማ የመንገድ ዳር ቦዮችና ለግንባታ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶች፣ በአቦቦ የአልዌሮ ግድብና የመስኖ አካባቢ፣ እንዲሁም ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በሚኖሩባቸው እንደ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊ ባሉ ካምፖች የውሃ ማደያዎች ዙሪያ የሚያቁር ውሃ ሊታወቁና ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው። ከእነዚህም ሊደፈን የሚችለው ቢደፈን፣ ሊፋሰስ የሚችለው ቢፋሰስ ይቀድማል፤ ቢቲአይ ሊደፈንም ሊፋሰስም ለማይችለው ውሃ ነው። በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር መኖሯ የታወቀው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳዎችና በርሜሎች ውስጥ የምትራባ የከተማ ትንኝ ናት። ወደ አዳዲስ ከተሞች እየተስፋፋች ባለችበት ጊዜ፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ የእጭ ክትትል ልማድ መጀመሩ ቅድመ ጥንቃቄ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ምርምር። የቢቲአይ ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በቤተ ሙከራ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ በአንድ ዕድሜ ላይ ባሉ እጮች ነው። እንዲህ ያለው ልኬት ቶክሲኑ በአንጀት ውስጥ የሚሠራውን ይነግራል፤ ወደ አንጀት መግባት አለመግባቱን ግን አይነግርም። ለጋምቤላ የሚጠቅመው ጥናት ከባሮ ዳር ኩሬ፣ ከአልዌሮ ቦይና ከከተማ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ፣ ከዚያው በተሰበሰቡ እጮች፣ በየዕድገት እርከናቸው የሚደረግ ንጽጽር ነው። የውሃው ድፍርስነት፣ የፀሐይ መጠኑና ምርቱ በገጹ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አብረው ቢለኩ፣ የሚረጨውን መጠንና የድግግሞሹን ቀን በግምት ሳይሆን በማስረጃ መወሰን ይቻላል። በዚሁ አጋጣሚ ቶክሲኑ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ የማይናደፉ ትንንሽ ዝንቦች እጮች ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ መከታተል ይገባል። እነዚህ እጮች የዓሣ ምግብ ናቸው፤ ከመጠን በላይ የሆነ ቢቲአይም ሊጎዳቸው ይችላል። ዓሣ የዕለት ጉርስ በሆነበት ወንዝ ዳር ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

7. ማጠቃለያ

የቢቲአይ ቶክሲኖች የእጩን የአንጀት አልካላይነት፣ ኢንዛይሞችና ተቀባዮች በራሱ ላይ የሚያዞሩ ናቸው። አራቱ ቶክሲኖች በቅንጅት መሥራታቸውም ለመቋቋም አስቸጋሪ ያደርጋቸዋል። ይህ ሁሉ ብቃት ግን እጩ ክሪስታሉን እስኪውጥ ድረስ ሥራ ፈት ነው። በጋምቤላ የመዋጡን ዕድል የሚወስኑት የትንኟ ዝርያ፣ የእጩ ዕድሜ፣ የውሃው ድፍርስነትና የባሮ ሙላት ናቸው። ስለዚህ በክልሉ ቢቲአይን ለመጠቀም የሚነደፍ ዕቅድ ምን ያህል ምርት መግዛት እንደሚያስፈልግ ከመጠየቁ በፊት፣ የትኛው ውሃ በየትኛው ወር በየትኛው እጭ እንደሚኖርበት መመለስ አለበት። ይህ መልስ ሳይገኝ ሰፊውን የጎርፍ ሜዳ ለመርጨት መሞከር ውድ ምርት ለደለል መመገብ ይሆናል፤ መልሱ ከተገኘ ግን በውሱን ውሃዎች ላይ የሚደረግ ተከታታይ ሥራ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት የማይደርሱባትን ትንኝ ገና ክንፍ ሳታወጣ ሊያስቀራት ይችላል።